በጥቁሯ መኪና ላይ የጋሽ ከፈለ እጅ

ጋሽ ከፈለ ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ልጃቸው መሰረት ቤት ከገቡ ጀምሮ ሥራቸው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰጣቸው ሰው የለም፣ ራሳቸውን በራሳቸው ነው የቀጠሩት። ጠዋት፣ አማቻቸው ልዑልሰገድ ሌሊቱን ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ አድሮ ገብቶ ሲተኛ፣ እሳቸው አሮጌ ካናቴራ በእጃቸው ይዘው ከፎቁ ስር ወዳለው ፓርኪንግ ይወርዳሉ። ከዚያ ያችን ጥቁር መኪና ከፊት እስከ ኋላ ይወለውሏታል። በክብ፣ በክብ፣ በክብ። ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ያያቸዋል፣ እሳቸውም መታየታቸውን ያውቃሉ፤ ክራባታቸውን የሚያስሩት ለምን ይመስላችኋል?

ዕድሜ ልካቸውን የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበሩ። ሹም መጥቶ ሹም ሲሄድ፣ መንግሥት ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ፣ የጋሽ ከፈለ ጨርቅ ግን አልተቀየረም ይባላል። የተሾመውን በንጹሕ መኪና አምጥተው የተሻረውን በንጹሕ መኪና ሸኝተዋል። ማን ምን በልቶ እንደተሻረ እንኳ ጠይቀው አያውቁም፤ እሳቸው የሚጠይቁት በጭቃ እግሩ ማን እንደገባ ነው።

እዚህ አገር ግን መሪ አይጨብጡም። መሰረት፣ መንጃ ፈቃድ የሚባል ነገር በእሳቸው ፊት እንዲነሳ አትፈልግም፤ "ዓይንህ፣ አባዬ" ብላ ትዘጋዋለች። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከኋላ ወንበር ያስቀምጧቸዋል። የመጀመሪያ ቀን መሰረት በደረታቸው ላይ ዘንበል ብላ ቀበቶ ስታስርላቸው፣ ጋሽ ከፈለ ቤተ ክርስቲያኑ እስካለበት እስከ ፌርፋክስ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለዚህ መኪናዋን መንዳት ባይቻልም መወልወል ይቻላል ብለው ነበር ነገሩን የጀመሩት። መወልወልም የመንዳት ግማሽ ነው፤ ይህን የሚሉት እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ሰው ሲል አልሰማሁም።

ሚያዝያ ላይ ያ የዛፍ ቢጫ አቧራ ወረደ። ማንም ሜሪላንድ የኖረ ያውቀዋል፤ መኪናው ሁሉ ሽሮ የተነፋበት ይመስላል። ጋሽ ከፈለ ደስ አላቸው። ሥራ ተገኘ። ጠዋት ብቻ የነበረው ውልወላ ከሰዓትም ተጨመረ። በዚያው እግረ መንገዳቸውን ከበሮቹ ግርጌ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ በፀሐይ ነጥቶ አመድ መስሎ አዩት። አመድ የመሰለ ነገር ዝም ብለው አያልፉም። የልዑልሰገድን የጫማ ቀለም አወጡና፣ በጫማ ብሩሽ፣ ከፊት ፓራውልት እስከ ኋላው ድረስ አንጸባረቁት።

በዚያው ማታ ልዑልሰገድ ከኤርፖርት አንዲት ነጭ ሱሪ የለበሰች ሴት አነሳ። ወርዳ ስትሄድ ነጭነቱ ከጉልበት በላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ኮምፕሌይን አደረገች፣ ሬቲንጉ ወረደ። ወሬው መንገድ ሲጀምር ሱሪ ነበረ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሐር ቀሚስ ሆነ፤ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድርያ ሲደርስ የሙሽራ ቬሎ ሆኖ፣ ሠርጉም ፈርሷል ተባለ።

ልዑልሰገድ በማግስቱ መኪናዋን አሳጥቦ መጣና ፀሐይ ላይ አቆማት። ከዚያ አማቱን ጠራ።

"አባባ፣ ይቺን መኪና ምን ነክቷት ነው?"

"ምን ነካት?"

"ይዩት እንጂ። ይሄን ክብ ክቡን።"

ጋሽ ከፈለ አዩ። ፀሐይዋ ኮፈኑ ላይ ባረፈችበት ቦታ ዙሪያዋን ቀጫጭን ጭረት ከቧታል፣ ልክ የሸረሪት ድር። አንገታቸውን ወደዚህም ወደዚያም አሉ። ድሩ ተከተላቸው።

"ፋብሪካው ነው" አሉ።

"ፋብሪካው?"

"ወይ ፋብሪካው፣ ወይ ፀሐዩ። የዚህ አገር ፀሐይ ይቧጭራል።"

ልዑልሰገድ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው ሲቆጣ ድምፁ ከፍ ይላል፣ የእሱ ዝቅ ነው የሚለው። "አባባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋን አይንኩብኝ" አለ። አንሾካሾከ ማለት ይቻላል።

ማታውን መሰረት ወገቧን ይዛ ቆመች። "ቤት ብቻህን እየዋልክ ነው እንዲህ የምትሆነው" አለች። "እትዬ ከበቡሽ የምትውልበት ደይ ኬር አስመዘግብሃለሁ። ሽማግሌው ሁሉ እዚያ ነው። ቫን ከበር ያነሳሃል፣ ከበር ይመልስሃል። ምሳ አለ፣ ቢንጎ አለ።"

"ማነው የሚነዳው?"

"ምኑን?"

"ቫኑን።"

"ሹፌር ነዋ፣ አባዬ።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

ጋሽ ከፈለ ተነሱ። "እኔ ሰው ስጭን ነው የኖርኩት" አሉ። "ተጭኜ አልውልም።"

መሰረት ግን የአባቷ ልጅ ናት፤ ወረቀቱን ጀመረችው። ሐኪም መፈረም ነበረበት፣ ኢንሹራንስ መልስ መስጠት ነበረበት፤ ስለዚህ ጋሽ ከፈለ ጊዜ ነበራቸው። ጊዜ ብቻ ነበር ያላቸው።

ለምን ደይ ኬሩ እንደሚጥም ልታስረዳቸው የመጣችው ያቺው እትዬ ከበቡሽ ነበረች። ከበቡሽ አንድ ነገር ልታወራ መጥታ ሌላ ዘጠኝ ነገር ሳታወራ አትሄድም። የምሳውን ዓይነት ተናገረች፣ በቢንጎ ማን እንደሚያጭበረብር ተናገረች፣ ከዚያ ስለ መኪናዋ ሰምታ ኖሮ፣ "አሌክሳንድርያ አንዲት ሴት አለች ጭረት የምታጠፋ" አለች። "ሙሉዓለም ትባላለች። ባሏ ሲፈታት ቤቱን እሱ ወሰደ፣ የጭረት ማጥፊያ ማሽኑን እሷ ወሰደች አሉ። እሷ ግን ሁለቱንም እኔ ነኝ የወሰድኩ ነው የምትለው።"

ጋሽ ከፈለ ስሙን ብቻ ያዙ።

በማግስቱ የቀዩን መስመር ባቡር ይዘው መሀል ከተማ ወረዱ፣ ወደ ቢጫው ተሻገሩ፣ ወንዙን አልፈው ወረዱና ያገኙትን ሐበሻ ሁሉ እየጠየቁ ደረሱ። ሐበሻ የማይገኝበት ጥግ ስለሌለ መንገድ አልጠፋባቸውም። ቦታው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ያለ ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ ነው። ሙሉዓለም አጭር ጸጉር፣ ሰፊ ትከሻ፣ ጉልበቷ ላይ መከላከያ ያሰረች ሴት ናት። ክራባታቸውን አየች።

"መኪናዎ የት አለ፣ ጋሼ?"

"መኪና የለኝም።"

"ታዲያ ምን ላድርግልዎ?"

"ጭረት እንዴት እንደሚወጣ አሳዪኝ።"

"ይሄ ትምህርት ቤት አይደለም።"

"እኔም ተማሪ አይደለሁም። ሹፌር ነኝ።"

ሙሉዓለም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ መብራቱን አጠፋችና ከግድግዳው ጥግ የተደገፈ፣ ከወዳደቀ መኪና ላይ የተነቀለ ጥቁር ኮፈን ላይ የእጅ መብራት አበራች። በመብራቱ ዙሪያ ያው ድር ተዘረጋ።

"ይሄን ምን እንደሠራው ያውቃሉ?"

"ፋብሪካው" አሉ ጋሽ ከፈለ፤ አሁን ግን በግማሽ ልብ።

"ጨርቅ ነው። ደረቅ ጨርቅ።"

"ጨርቁ ንጹሕ ቢሆንስ?"

"ጨርቁ ምን ያድርግ፣ አቧራው ነው እንጂ። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው፣ ጋሼ። መጀመሪያ በውሃ ካልለቀቀ፣ በጨርቅ ሲያሹት ድንጋይ በመስተዋት ላይ እየፈጩ ነው።"

"እኛ ሰፈር ውሃ በወረፋ ነበር የሚመጣው።"

"እዚህ ሁልጊዜ አለ።"

የእነዚያ ሹማምንት መኪኖች ሁሉ በዓይነ ሕሊናቸው ተሰለፉባቸው፤ ሁሉም ድር ለብሰው። ለአፍታ ያህል እነዚያ ሰዎች ሁሉ በእሳቸው ጭረት የተሻሩ መሰላቸው። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉ።

"ይውጡ ልበልዎ?" አለች ሙሉዓለም።

"በይ። አልወጣም እንጂ።"

መጀመሪያ የሰጠቻቸው ፕላስቲኩን ነው። ትሪም ትለዋለች፤ በበሩ ግርጌና በጎማው ዙሪያ ያለው ጥቁሩ። ጋሽ ከፈለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ለስላሳ ብሩሽ ይዘው፣ ማጠቢያውን እየረጩ ሰው ሁሉ የቀባውን ሲያስለቅቁ ዋሉ። ብቻቸውን አለመሆናቸውን ያወቁትም ያኔ ነው። አንዱ የአገር ልጅ የጫማ ቀለም ቀብቶ መጥቷል፣ አንዱ ቫዝሊን፣ አንዱ የምግብ ዘይት። አንዱማ ቅባ ኑግ ቀብቶ ነበር።

"ይሄኛው የቀረው በርበሬ ነው" አሉ ጋሽ ከፈለ።

"ነጭ ደንበኞቼ እንዲህ አያደርጉም" አለች ሙሉዓለም ከማዶ። "ተዉት ብለው ዝም ይላሉ፣ ይነጣል። የኛ ሰው ግን የነጣ ነገር ሲያይ ሳይቀባ አያድርም።"

"ደግ ሰው ነው" አሉ ጋሽ ከፈለ፣ በስንፍናው ሳይሆን በትጋቱ የተበላሸውን ፕላስቲክ እየፈተጉ።

ማሽኑን የነኩት ቆይተው ነው። ያ የሚሽከረከር፣ ጫፉ ላይ ቅባት የሚደረግበት ስፖንጅ ያለው ማሽን መጀመሪያ ቀን ሊነጥቃቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ እንደ ጨርቅ ተጫኑት፤ ስፖንጁ ቆመ፣ ቅባቱ ደረቀ፣ ኮፈኑ ወይቦ ቀረ።

"አይጫኑት። ክብደቱ ይበቃዋል።"

"ማሽን አዞኝ አያውቅም።"

"ይዘዝዎት። በጣም ይፍጠኑም አልተባሉም፤ ቀስ። በጣም ቀስ።"

"ምን ያህል ቀስ?"

ሙሉዓለም አሰበች። "ሬሳ ሲሸኙ እንደሚነዱት።"

"አንደኛ ማርሽ በይኛ" አሉ ጋሽ ከፈለ። ከዚያ በኋላ እጃቸው ተስተካከለ። ያ አሮጌ ኮፈን በጥፍር በጥፍር ስፋት፣ መስመር በመስመር፣ ድሩ እየለቀቀ ከስሩ ጥቁር ውሃ የመሰለ ነገር ይወጣ ጀመር። ጋሽ ከፈለ ፊታቸውን አዩበት። መላጨት ነበረባቸው።

ቤት ሲገቡ መሰረት፣ "አባዬ፣ የት ዋልክ?" ትላለች።

"ሥራ።"

ትስቃለች። ለባሏ ትነግረዋለች፣ እሱም ይስቃል። ጋሽ ከፈለ እውነቱን በየቀኑ ነው የተናገሩት፤ ያላመናቸው ሰው ጥፋት የእሳቸው አይደለም።

ወረቀቱ አለቀ። መሰረት ፈረመች። ቫኑ ሰኞ ይመጣል ተባለ።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ፣ ሙሉዓለም "ዛሬ አንድ ጥቁር መኪና አለን፣ ነገ ሙሽራ ይጭናል" አለች። ጋሽ ከፈለ ወገባቸው ላይ ሽርጡን እያሰሩ ሳለ መኪናዋ በጋራዡ በር ገባች። ከሞተሩ ድምፅ ነው ያወቋት። ቀና አላሉም።

ልዑልሰገድ ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስለገባ ለጊዜው ያየው ነገር አልነበረም። ከዚያ አየ።

"አባባ?"

"ትንሽ ወደፊት ሳባት፣ ጠመም ብላ ነው የቆመችው" አሉ ጋሽ ከፈለ።

"እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ለመሰረት ነግሬያታለሁ።"

"ሥራ ነኝ ይላል ብላ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።"

"እንግዲህ ሳቋን ስትጨርስ ትመጣለች።"

ሙሉዓለም ሁለቱ ምን እንደሚዛመዱ ሳይገባት መብራቷን ይዛ መኪናዋን ትዞር ጀመር። ስትሠራ ለራሷ የማውራት ልማድ አላት። "ደረቅ ጨርቅ" አለች። "ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ ማለት ነው። የወለወላት ሰው አጭር ነው፤ ይኸው፣ የጣሪያዋ መሀል አንድ ጭረት የለበትም፣ እጁ አልደረሰም።"

ቀና ብላ ጋሽ ከፈለን አየች። ከጣሪያው አንጻር የት እንደሚደርሱ አየች። ከዚያ አፏን ዘጋች፤ ይህ በአሌክሳንድርያ ታሪክ ተደርጎ አያውቅም ይላሉ የሚያውቋት።

ልዑልሰገድ መሬት መሬት ያያል። ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ ከንፈሩ አልወሰነም።

ጋሽ ከፈለ መብራቱን ከሙሉዓለም እጅ ወሰዱ። በኮፈኑ ላይ ሄዱበት፣ በበሩ ላይ ሄዱበት። የራሱን የእጅ ጽሕፈት ማን ይስታል? እዚህ ቀኝ እጃቸው ነው፤ እዚህ ቀኙ ደክሞ ግራው የተካበት ነው፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤት ሰላም ብሏቸው ዞር ሲሉ የሳቱት ነው። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ፍቅር፣ ተጽፎ ተቀምጧል።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ፋብሪካው አይደለም?" አለ ልዑልሰገድ።

"ፋብሪካው በየጠዋቱ አይነሳም። እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ እኔ አወጣዋለሁ።"

"አባባ፣ ነገ ሙሽራ አለብኝ። ሙሉዓለም ትሥራው።"

"ሙሉዓለም ያላጠፋችውን ለምን ታስተካክላለች?"

"አባባ፣ ለጨዋታ አይደለም። ይሄ እንጀራዬ ነው።"

"የኔስ ምንድን ነው?" አሉ ጋሽ ከፈለ፤ ድምፃቸው እንደ አማቻቸው ዝቅ ብሎ። "ሰኞ ቫን ላይ ልትጭኑኝ ነው። ይህን ካልሠራሁ ትክክል ናችሁ ማለት ነው፣ እገባለሁ፣ ቢንጎም እጫወታለሁ። ከሠራሁት ግን አልገባም። በዚህ ተለያየን።"

ልዑልሰገድ ሙሉዓለምን አየ፤ እሷ ደግሞ ትከሻዋን ሰበቀች። "ኮፈኑን ይሥሩት" አለች። "ካላማረህ እኔ እደግመዋለሁ። ካማረህ ዝም ትላለህ። አሁን ሂድና ሻይ ጠጣ፣ ከአናታችን ላይ አትቁም።"

ጋሽ ከፈለ ክራባታቸውን ወደ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ ውሃ፣ ሳይነኩ፣ ከላይ እየፈሰሰ። ቀጥሎ አረፋ፣ ሁለት ባልዲ፣ አንዱ ለሳሙና አንዱ የማጠቢያ ጓንቱን ለማለቅለቅ። ደረቀች። ከዚያ የጥቁሩን ፕላስቲክ ጠርዝ ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ለበጡት፤ ቅባቱ ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ነጭ ሆኖ ይቀራልና። ስፖንጁ ላይ ጥቂት ጠብታ ቅባት። ማሽኑን ሳያስነሱ አሳረፉት፣ ከዚያ አስነሱት።

አንደኛ ማርሽ።

ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመሩ መስመሩን እየደረበ። ሲያበቁ በለስላሳ ጨርቅ አነሡትና መብራት አበሩበት። ድሩ የለም። ቀጥሎ ያለው ላይ ግን ሞልቷል፤ ልክ አጥር የተሠራበት ይመስላል፣ ወዲህ ንጹሕ፣ ወዲያ የእሳቸው ጠዋቶች። ቀጠሉ። ወገባቸው ተናገረ፣ አልሰሙትም። ሙሉዓለም ጎኖቹን ለራሷ ያዘች፤ አልፎ አልፎ በጎን ታያቸዋለች፣ አታወራም።

ኮፈኑ መሀል ላይ አንድ ጭረት አልወጣ አለ። ቀጥ ያለ፣ የጣት ርዝመት። ደገሙት። አልወጣም። እንደገና ማሽኑን ሲያነሱ ሙሉዓለም ክንዳቸውን ያዘች።

"ይተዉት፣ ጋሼ። ይሄኛው ጠልቋል። ከተከተሉት ቀለሙን ይበሱታል።"

"የኔ ነው እኮ። የቀበቶዬ ዘለበት ነው፤ መሀሉን ለመድረስ ስንጠራራ የነካት።"

"የማንም ይሁን። ይተዉት።"

ጋሽ ከፈለ ማሽኑን እንደያዙ ቆሙ። አለማድረግ ከማድረግ የከበዳቸው ያን ጊዜ ነው። አጠፉት። ፕላስተሩን ልጠው ትሪሙን በብሩሽ አጸዱ፣ የራሱን መከላከያ ቀቡት፣ ነጭ ሱሪ ቢታከከው የማይለቅ መሆኑን በራሳቸው መሐረብ ሞከሩት።

ልዑልሰገድ ሲመለስ መኪናዋ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆማ ነበር። ዞራት። ጎንበስ አለ። ሰማዩ ኮፈኑ ላይ ተኝቷል፣ በላዩ አውሮፕላን ያልፋል። ያቺን አንዲት ጭረት አገኛት፣ በጣቱ ነካት፣ አማቱን አየ።

"እሷ ትቀመጥ" አሉ ጋሽ ከፈለ።

በስምምነቱ መሠረት ዝም አለ። ሊወጣ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "አባባ፣ እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ቢያዩዋት..."

"አልነካትም። አይንኩብኝ ብለሃል። ስትቆሽሽ አፖይንትመንት ይዘህ ና።"

ሰኞ ቫኑ መጣ። ልዑልሰገድ ያየውን ለሚስቱ ነግሯታል፤ መሰረት ግን የፈረመችውን ነገር በወሬ የምትሰርዝ ሴት አይደለችም። አባቷ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ በር ላይ ቆመው ስታገኛቸው እፎይ አለች። የቫኑ ሹፌር ኪራኮስ ወርዶ በሩን ከፈተላቸው። ከውስጥ እትዬ ከበቡሽ ከጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ ትመታለች።

"ይግቡ፣ ጋሼ" አለ ኪራኮስ።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እኔ ባቡር ነው የምይዝ።"

"አባዬ!" አለች መሰረት። "ፈርሜያለሁ እኮ!"

"አንቺ ከፈረምሽ አንቺ ግቢ። ምሳ አለ፣ ቢንጎ አለ።"

ከቫኑ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። መሰረት ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ሺፍቷ ሊረፍድባት፣ አባቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ጥፍራቸው ስር ጥቁር ነገር አለ። ጉንጫቸው ሞልቷል። አገር ቤት ጠዋት ከቤት ሲወጡ የነበረው ያ ችኮላ አለባቸው፣ ሰው የሚጠብቀው ሰው ችኮላ።

"ነገስ ልምጣ፣ ጋሼ?" አለ ኪራኮስ።

"ነገም ሥራ ነኝ።"

"ሂድ በቃ" አለችው መሰረት ሹፌሩን። አባቷ ሳይጠብቁ ቁልቁል ወደ ጣቢያው ነጉደዋል።

ቫኑ አንድ ወንበር ባዶ ይዞ ሄደ። ከበቡሽ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ስንቅ ይዛ ደይ ኬር ገብታ አታውቅም። ምሳ ሳይቀርብ ነገሩ በየጠረጴዛው ደርሷል፤ ጋሽ ከፈለ ሰማንያ መኪና አብርተዋል፣ ከሙሉዓለም ጋር ሽርክና ገብተዋል፣ እንዲያውም ሊያገቧት ነው። ቢንጎው ተቋረጠ። አንድ የድሮ ጎሚስታ፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንድ ዕድሜ ልኩን መኪና ነክቶ የማያውቅ ጡረተኛ ዳኛ የጋራዡን ስልክ ቁጥር አፈላልገው ደወሉ።

ሙሉዓለም እጇ አረፋ ነበረ። ስልኩን ጋሽ ከፈለ አነሱ።

"ሰው ትፈልጉ እንደሆነ ብለን ነው" አለ ጎሚስታው።

"ማነው?" አለች ሙሉዓለም ከመኪናው ስር።

ጋሽ ከፈለ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "የተሳሳተ ቁጥር" አሏት። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረው፣ "ቦታ የለም" አሉና ዘጉት።